ኡስታ ሩሽዲን ወንበር ላይ ያዋለ ፍቅር

ኢብቲሳም ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የምታዳምጠው የአባቷን ሳል ነው። ሳሉ ከተሰማ በሕይወት አሉ ማለት ነው። ከዚያ ወገቧን ይዛ ትነሳለች። ውሃ ታሞቃለች፤ የሌሊቱን ባልዲ ደፍታ ታጥባለች፤ አባቷን ደግፋ ከአልጋቸው ወደ መስኮቱ ወንበር ታዛውራለች፤ ፊታቸውን በእርጥብ ፎጣ ትጠርጋለች፤ ፉሉን አሙቃ፣ ዳቦውን ቆራርሳ እስከ እጃቸው ታደርሳለች። ሌላው ሰው ቀኑን ሊጀምር ሲል እሷ የቀኑን ጉልበት ጨርሳለች። እንጀራዋ የሆነው የስፌት መኪና ግን ገና አልተነካም። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው ለሶፋ ሠሪዎች የሶፋ ልብስ እየሰፋች ነው።

የግብጿ ዱምያጥ የእንጨት ከተማ ናት። የናይል ወንዝ ባሕሩ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ባለችው በዚህች ከተማ፣ በየጠባቡ መንገድ ግራና ቀኙ አናጢ ቤት ነው። ኡስታ ሩሽዲ እዚህ አርባ ዓመት አልጋና ቁም ሳጥን ሠርተዋል። ሰፈርተኛው "ኡስታ" እያለ የሚጠራቸው በእጃቸው ሙያ ነው። አርባ ዓመት የመጋዝ ብናኝ ስበዋል፤ አርባ ዓመት የቫርኒሽ ሽታ አሽትተዋል፤ በዚያ ላይ ሲጋራ ከከንፈራቸው አይለይም ነበር። እነዚህ ተባብረው ሳንባቸውን በሉት።

ከሁለት ዓመት በፊት በብርዱ ወራት ጉንፋን ይዟቸው ደረታቸው ተዘጋ። ከንፈራቸው ጠቆረ። ጎረቤት በወንበር ተሸክሞ ከሦስተኛ ፎቅ አወረዳቸው። ሆስፒታል ከርመው ሲወጡ አንድ ሐኪም፣ ከኋላው ሌላ በሽተኛ እየጠበቀው፣ "ሲጋራ በቃ! አቧራ ካለበት እንዳይደርሱ። እረፍት ያስፈልጋቸዋል" አለና ሄደ። ሐኪሙ እረፍት ሲል የዚያን ሰሞን እረፍት ማለቱ ነበር። ቤተሰቡ ግን የዕድሜ ልክ አድርጎ ወሰደው።

ሲጋራውን ተዉት፤ ይህ መልካም ነበር። ወንበሩም የዚያን ዕለት ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠ።

"የት ነው?" አለች ኢብቲሳም አንድ ቀን፣ አባቷ የወንበሩን ክንድ ጨብጠው ሊነሱ ሲታገሉ አይታ።

"ውሃ ልጠጣ ብዬ።"

"እኔ እያለሁ?" መርፌዋን ጥላ ሮጠች። "ይቀመጡ አባባ! ደግሞ አፍኖዎት ጉድ ሊያደርጉኝ ነው?"

"እዚህ እኮ ነው ልጄ። ከጓዳው በር አያልፍም።"

"ቢሆንስ! ሰው ምን ይለኛል?"

ውሃውን አመጣች። ጠጡ። "አላህ ይስጥሽ" ብለው ብርጭቆውን መለሱላትና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እሷም ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ቀኑ እንዲህ ያልቃል። ነገም እንዲሁ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ኡስታ ሩሽዲ መፀዳጃ ቤት ድረስ በራሳቸው ይሄዱ ነበር። ኋላ ኮሪደሩ መሃል ላይ ቁና ቁና መተንፈስ ሲጀምሩ ኢብቲሳም ደንግጣ ባልዲ አቀረበችላቸው። ቀጥሎ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወሩ ራሱ ያደክማቸው ጀመር። ትንፋሻቸው ባጠረ ቁጥር እንቅስቃሴያቸውን ትቀንስባቸዋለች፤ እንቅስቃሴያቸው በቀነሰ ቁጥር ትንፋሻቸው ያጥራል። ማንም ሁለቱን አላገናኛቸውም። "በሽታው እየበረታባቸው ነው" ተባለ፤ እሷም ይበልጥ ጠብ እርግፍ አለችላቸው።

ታናሽ ወንድሟ ሐምዲ ዋናው መንገድ ላይ የቤት ዕቃ መሸጫ አለው። አርብ አርብ መሸበክ የሚባለውን የከተማዋን ጣፋጭ ይዞ ይመጣል፤ የአባቱን ግንባር ይስማል፤ እህቱን ያመሰግናል።

"አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጣቸው ነበር?" ይላል ሶፋው ላይ ተዘርግቶ። "እግራቸው መሬት አይነካም እኮ! እንዲህ ነው መጦር!"

ኢብቲሳም ምስጋናውን እንደ መድኃኒት ትውጠዋለች። ወገቧን ግን አያሽረውም።

ኡስታ ሩሽዲን ያለ ርኅራኄ የሚያናግራቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ኡስታ ፊክሪ ነው። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንጨት ሲልጉ የኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። ኡስታ ፊክሪ እያዘገመ ሦስቱን ፎቅ ወጥቶ ይመጣና ገና በሩ ላይ፣ "ሩሽዲ! ዛሬም ከዚህ ወንበር ጋር ነህ? ሚስት አድርገህ ያዝከው እንዴ?" ይላል።

"ምን ላድርግ፣ ትንፋሽ የለኝ" ይላሉ ኡስታ ሩሽዲ።

"ይሁን። ግን እንዴት ያለውን አናጢ ነው የመረጥከው! የወንበርህ እግር ይንቀጠቀጣል። እኛ ብንሠራው ኖሮ ደንበኛ ፊታችን ላይ ይወረውረው ነበር።"

ያኔ ኡስታ ሩሽዲ ይስቃሉ። ሳቁ ወደ ሳል ይለወጣል። ኢብቲሳም ከጓዳ ብቅ ብላ፣ "ኡስታ ፊክሪ፣ እባክዎ አያስቋቸው!" ትላለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ የሞት ዜና ተነገረ። ኢብቲሳም ስሙን ስትሰማ እጇ መኪናው ላይ ቀረ። አባቷም ሰምተዋል። ፊታቸውን ከመስኮቱ መለሱ። ከዚያ፣ "ጫማዬን አምጪልኝ" አሉ።

"አባባ…"

"ጫማዬን ነው ያልኩሽ። ፊክሪ ሳልሰግድበት አይቀበርም።"

ለሐምዲ ደወለች። ሐምዲ በስልኩ ጮኸ። "እንዳታደርጊው! በአንድ ቀን ሁለት ሬሳ እንድናወጣ ነው? እኔ ስለ እሳቸው ሄጄ እሰግዳለሁ በያቸው።"

አለቻቸው። አልመለሱላትም። ዝም ሲሉ የተቀበሉ መሰላት። ሻይ አፍልታ አጠገባቸው አስቀመጠችና የሟቹን ሚስት፣ ሰኒያን፣ ልታጽናና ወጣች። እንባዋ ገና ሳይደርቅ፣ ሬሳው ከወጣ በኋላ፣ ሥራዋን አስባ ወደ ቤት ተመለሰች።

አባቷን ያገኘቻቸው ደረጃው ላይ ነው። አንዱን ፎቅ እንኳ ጨርሰው አልወረዱም። ግድግዳውን ተደግፈው፣ የቤት ጫማቸው አንዱ ወልቆ፣ ጀለቢያቸው በላብ ርሶ ተቀምጠዋል። አፋቸው ተከፍቷል። ከንፈራቸው አመድ መስሏል።

"አባባ! ምን አደረጉ? ወይኔ ጉዴ! ሰዎች!"

እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟት። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ብዙ ቆየ። ሲመለስ የተናገሩት ስለ ደረታቸው አልነበረም።

"በዚህ ሥር አለፈ" አሉ። "ተሸክመውት ሲያልፉ ሰማሁ። ላ ኢላሃ ኢለላህ ሲሉ ሰማኋቸው። ልነሳ አልኩ። ጉልበቴ ከዳኝ። ኢብቲሳም፣ ትንፋሼ አይደለም መጀመሪያ እምቢ ያለኝ። እግሬ ነው።"

ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ኢብቲሳም አባቷ ሲያለቅሱ ስታይ እናቷ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ደረጃው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች። ብትሮጥ ምን ልታመጣ ነው? ሁለቱም ደክሟቸው ነበር። ከላይም ከታችም ያሉ ጎረቤቶች በራቸውን ከፍተው ያዩአቸዋል።

በማግስቱ በጎረቤት አሸክማ ወደ ሳንባ ክሊኒክ ወሰደቻቸው። ዶክተር ሻሂናዝ የምትባለው ሐኪም ደረታቸውን አዳመጠች፤ የትንፋሽ መለኪያ አስነፋቻቸው፤ ልባቸውንም አስመረመረች። ጣታቸው ላይ የኦክስጅን መለኪያ አድርጋ ኮሪደሩ ላይ አስኬደቻቸው። ጥቂት ሄደው ቆሙ። ወንበር አቀረቡላቸው።

"ቤት ውስጥ ምን ምን ይሠራሉ?" ስትል ጠየቀች።

"ምንም!" አለች ኢብቲሳም። እንደዚያ ደክማ እንኳ ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበረ። "ምንም አላስነካቸውም። ውሃ እንኳ በእጃቸው ቀድተው አያውቁም።"

ዶክተሯ ጎንበስ አለችና የኡስታ ሩሽዲን ጀለቢያ ጫፍ ከፍ አደረገች። ባታቸው አልቋል። ቆዳው አጥንቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ይህን ሳንባ አላደረገውም" አለች። "ይህን ያደረገው ወንበር ነው።"

ኢብቲሳም አልገባትም። "እረፍት ያድርጉ ብላችሁ እኮ…"

"እረፍት ለታመሙበት ሰሞን ነው። አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ፤ እርስዎም ይስሙኝ ኡስታ። ሰው ሲንቀሳቀስ ጡንቻው አየር ይጠይቃል። ስለዚህ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽም ይበዛል፣ ይጠልቃል። ይህ በሽታ አይደለም። ደረጃ በሩጫ የወጣ ጎረምሳም ያለከልካል። ሥራ የለመደ ጡንቻ ትንሹን አየር አብቃቅቶ ይሠራበታል። ሥራ የፈታ ጡንቻ ግን አየሩን በአግባቡ መጠቀም ይረሳል። ለአንዲት እርምጃ ብዙ ያስተነፍሳል፣ ቶሎም ይዝላል። የእርስዎ ሳንባ ተጎድቷል። እሱን አዲስ አደርገዋለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። የሚሰጠው አየር ይኸው ነው። አየር የሚያባክነውን እግር ግን ማሠልጠን እንችላለን።"

ኡስታ ሩሽዲ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንደ ደነዘ መጋዝ" አሉ። "ለአንዲት ጣውላ የሰው ነፍስ ያወጣል።"

"እሱን ነው የምልዎት።"

ኢብቲሳም እጇን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ቀረች። "ታዲያ እኔ ነኝ ያሳመምኳቸው?" አለች ቀስ ብላ።

ዶክተር ሻሂናዝ ልታባብላት አልሞከረችም። "ማንም አላስረዳሽም። አሁን አስረድቼሻለሁ" አለች። ከዚያ እንዴት እንደሚጀምሩ አሳየቻቸው። በትንፋሽ የሚሳበውን መድኃኒት አስቀድመው ይወስዳሉ። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ኮሪደሩን መመላለስ፣ ሲደክማቸው ቆመው ማረፍ፣ ደግሞ መቀጠል። በአፍንጫ ማስገባት፤ ሲያስወጡ ከንፈርን ሰብሰብ አድርጎ፣ ትኩስ ሾርባ እንደሚያበርድ ሰው፣ ረዘም አድርጎ መንፋት። እየሄዱ መናገር ከቻሉ ልኩ ነው፤ ቃል ማውጣት ካቃታቸው ይቁሙ። ደረታቸውን ከወጋቸው ወይም ካዞራቸው ግን ወዲያው ይተዉና ይምጡ።

"ትንፋሽ ማጠሩ ያስፈራዎታል" አለቻቸው በመጨረሻ። "ፍርሃቱን ነው መጀመሪያ የምናሸንፈው።"

ሐምዲ ይህን ሲሰማ ቤቱን በጩኸት አናጋው።

"ሐኪም ነኝ ስላለች አባታችንን እንደ ወታደር ልታመላልሺያቸው ነው? ሰፈሩ ምን ይላል? ልጃቸው መጦር ሰለቻት፣ በስተርጅና ታባርራቸው ጀመር አይልም?"

"ሰልችቶኛል" አለች ኢብቲሳም።

ሐምዲ ዞሮ አባቱን አየ።

"ሰልችቶኛል ሐምዲ። ወገቤ አልቋል። ባልዲ መድፋት ሰልችቶኛል። አንተ አርብ አርብ መጥተህ ስታመሰግነኝም ሰልችቶኛል። ግን የማስነሳቸው ለዚያ አይደለም። ደረጃው ላይ ስላየኋቸው ነው። አንተ አላየሃቸውም።"

"እኔ ስለ እሳቸው ሰግጃለሁ።"

"እሱስ ሰግደሃል። እሳቸው ግን አልሰገዱም።"

ኡስታ ሩሽዲ ከወንበራቸው ሆነው ሁለቱንም ያዳምጡ ነበር። "ጨረሳችሁ?" አሉ። "እንግዲያስ ሐምዲ ከመንገዴ ተነስ፤ ኮሪደሩን ልሂድበት።"

ይህን ያሉት ግን በመጀመሪያው ቀን ወኔ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት ከባድ ነበሩ። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ምክር በአንድ ሌሊት እንደሚለወጥ የነገራችሁ ሰው ካለ አትመኑት። ኡስታ ሩሽዲ መገልገልን ለምደው ነበር። ሦስት ጊዜ ተነስተው ከተቀመጡ በኋላ፣ "ልትገድዪኝ ነው? አባትሽ እኮ ነኝ!" ብለው ይቆጡ ነበር። አንዳንድ ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ምንም አልሰማም ይላሉ። ኢብቲሳም ትለምናለች፤ ትቆጣለች፤ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። ተመልሳ፣ "እሺ፣ አንድ ጊዜ ብቻ" ትላለች።

ለእሷ ከሁሉ የከበዳት ግን እጇን መሰብሰብ ነበር። አባቷ እየተንቀጠቀጡ ሻይ ሲቀዱ፣ ሻዩ ሲፈስ፣ ከንፈራቸውን ሰብስበው ሲነፉ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ። አምስት ጊዜ ተነስታ አምስት ጊዜ ተቀምጣለች። መሸከሙ ከዚህ ይቀላት ነበር። ስትሸከም ቢያንስ ጥሩ ልጅ መሆኗን ታውቃለች።

በዚያ ላይ ጎረቤት አለ። ደረጃው ላይ ሲለማመዱ በር እየከፈቱ ከንፈር የሚመጥጡ ነበሩ። "አረ ልጄ፣ ለሽማግሌው እዘኚላቸው!" ትላለች አንዷ። ኢብቲሳም መልስ የምትሰጥበት ትንፋሽ የላትም። አባቷ ግን አንድ ቀን ባጠረ ትንፋሻቸው መሃል፣ "ካዘንሽልኝ… ውረጂና… አብረሽኝ ሂጂ" አሏት። ሴትየዋ በሯን ዘጋች።

ሲሻላቸው ብርዱ መጣ። ደረታቸው ተቆጣ፤ ትኩሳት ያዛቸው፤ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ተኙ። ያተረፉት ሁሉ በዚያች ሰሞን የጠፋ መሰለ። ሐምዲ፣ "አላልኩም?" አለ። ኢብቲሳም አልተከራከረችውም። ትኩሳቱ ሲለቃቸውና ሐኪሟ ስትፈቅድ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና፣ "አባባ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ነው" አለቻቸው። ኡስታ ሩሽዲ በረጅሙ አዩዋትና፣ "እጅሽን አትስጪኝ። በራሴ ልነሳ" አሉ።

በዚህ ጊዜ ግን ቶሎ ተመለሰላቸው። ባታቸው ትንሽ ሥጋ አወጣ። ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳቸው ጀመር። የምግብ ፍላጎታቸው ተከፈተ፤ አይቡን ራሳቸው ከጓዳ ያወጣሉ። ሳላቸው አልጠፋም፤ ሲወጡና ሲወርዱ አሁንም ያልባቸዋል። ግን ትንፋሽ ሲያጥራቸው አይሸበሩም። ይቆማሉ፤ ግድግዳውን ይደገፋሉ፤ ሾርባቸውን ያበርዳሉ፤ ይቀጥላሉ። ባልዲው ከቤት ወጣ። ኢብቲሳም ከረፋዱ በፊት ስፌቷ ላይ መቀመጥ ጀመረች። አባቷ ዳቦውን ሲያቀርቡላት መጀመሪያ አፈረች፤ ኋላ ግን በላች።

ንፋሱ በረድ ባለበት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኡስታ ሩሽዲ ንጹሑን ጀለቢያቸውን ለበሱ። የት እንደሚሄዱ አልተናገሩም፤ ኢብቲሳምም አልጠየቀችም። በየፎቁ እያረፉ ወረዱ። መንገዱ ላይ ሲወጡ የአናጢ ቤቶቹ ሰዎች አዩአቸው። አንዱ አናጢ ብናኙ እንዳያገኛቸው ብሎ የኤሌክትሪክ መጋዙን አጠፋ። ቀጥሎ ያለውም አጠፋ። በዚያ መንገድ ላይ በሥራ ሰዓት ፀጥታ ሆኖ አያውቅም። ኡስታ ሩሽዲ በዚያ ፀጥታ ውስጥ፣ አፋቸውንና አፍንጫቸውን በጨርቅ ይዘው፣ እያዘገሙ አለፉ። የሚሰማው የጫማቸው ድምፅና የትንፋሻቸው ፉጨት ብቻ ነበር።

የኡስታ ፊክሪ ሚስት ሰኒያ በሩን ከፍታ ስታያቸው ግንባሯን ያዘች።

"ኡስታ ሩሽዲ! በእግርዎ?"

"ዘገየሁ" አሉ። ሌላ ነገር ሊናገሩ አስበው ነበር፤ መንገድ ላይ ሲያጠኑትም መጥተዋል። ግን ጠፋባቸው። "ዘገየሁ፤ ይቅር በዪኝ።"

"መጥተዋል፤ ይበቃል" አለች ሰኒያ።

ተቀምጠው ስለ ሟቹ አወሩ። የሠራውን አስቂኝ ነገር ሁሉ አነሱ። አለቀሱ፤ ሳቁ፤ ሳሉ። ኢብቲሳም አላስቆመቻቸውም።

ሐምዲ የተለወጠው በሐኪም ንግግር አይደለም። አንድ አርብ ጣፋጩን ይዞ ሲመጣ አባቱን ታችኛው በር ላይ አገኛቸው፤ ከመስጊድ እየተመለሱ ነው። አብረው መውጣት ጀመሩ። ሐምዲ ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ከሱቁ በር እስከ ቤቱ በር በመኪና የሚሄድ ሰው ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ቁና ቁና ተነፈሰ፤ ፊቱ ቀላ፤ የደረጃውን ብረት ጨብጦ ቆመ። ኡስታ ሩሽዲም የማረፊያቸው ቦታ ስለነበር ቆመው አዩት።

"በአፍንጫህ አስገባ" አሉት። "ከዚያ ከንፈርህን ሰብሰብ አድርግና ንፋ። ሾርባ ነው ብለህ አስብ።"

"አባባ፣ አይቀልዱብኝ።"

"አልቀለድኩም። አንተ ሳንባህ ደህና ነው። እግርህን ያሰነፍከው ራስህ ነህ።" ጥቂት ተነፈሱ። "እኔን ደረጃው ላይ ያስቀረኝ ነገር አንተንም እየጠበቀህ ነው ልጄ። እኔ ሰባ ዓመቴ ላይ ነው ያገኘኝ። አንተ ገና አርባህ ነው።"

ሐምዲ ከንፈሩን ሰብስቦ ነፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሽት ምሽት ሱቁን ዘግቶ በወንዙ ዳር ከአባቱ ጋር ይሄድ ጀመር። መጀመሪያ ላይ አባቱን ደግፎ እንደሚሄድ ሆኖ ለመታየት ይሞክር ነበር፤ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ግን ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ኡስታ ሩሽዲ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ኖሩ። በሽታው አልለቀቃቸውም፤ በመጨረሻ በዚያው ሳንባ ሞቱ። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። መንቀሳቀስ የማይሞት ሰው አያደርግም፤ የተበላ ሳንባም አይመልስም። ነገር ግን እነዚያን ዓመታት በእግራቸው ኖሩባቸው። ቀብር ደረሱ፤ ሠርግ ሄዱ፤ ገበያ ወርደው በዓሣ ዋጋ ተከራከሩ። የተኙት የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ብቻ ነው፤ ያኔ ኢብቲሳም ተሸከመቻቸው። የሚሸከሙበት ጊዜ ሲመጣ መሸከም ሌላ ነገር ነው።

እኛ ወላጆቻችንን ስንወድ እናስቀምጣቸዋለን። አይንኩ፣ አይውረዱ፣ እኛ አለን እንላለን። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ሐኪም ሳንጠይቅ አልጋ እናነጥፋለን። ራሳችንም ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን እየዋልን ደረጃ ሲያለከልከን ዕድሜ ነው እንላለን። ገላ ግን የሚጠነክረው ሲሠራ ነው። ልብ፣ ጡንቻና ትንፋሽ አብረው ይለምዳሉ፤ አብረውም ይሰንፋሉ። የታመመ ሰው ካለን ምን ያህል መንቀሳቀስ እንደሚችል ሐኪሙን እንጠይቅ። የተቻለውንም አንንጠቀው።

ኢብቲሳም አሁንም በዚያው ቤት ትሰፋለች። አባቷ ከሞቱ በኋላ አንድ ቀን ራውያ የምትባል የሰፈሯ ሴት የትራስ ልብስ ልታሰፋ መጣች። ዓይኗ ጎድጉዷል፤ ፀጉሯ ከሻሿ ወጥቷል።

"እማዬ ናት" አለች ስትጠየቅ። "ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪሙ ልቧ ደህና ነው፣ ቀስ እያለች ትንቀሳቀስ አለ። እኔ ግን ከአልጋ አላስወርዳትም። ምንም አይጎድልባትም። አንቺ ለአባትሽ እንዳደረግሽው ነው የማደርግላት። ሰፈሩ ሁሉ እስከ ዛሬ ያወራልሽ የለ?"

ኢብቲሳም መቀሱን አስቀመጠች። ሰፈሩ የቱን እንደሚያወራላት ገባት። ባልዲውንና ሸክሙን ነው፤ ኮሪደሩን ማንም አያስታውሰውም።

"ተነሺ፣ ቤትሽ እንሂድ" አለች።

የራውያ እናት እማማ ሐኒፋ በትራስ ተደግፈው ተኝተው ነበር። ኢብቲሳም አልጋው አጠገብ ቆመችና ልጅቷን ሳይሆን እሳቸውን ጠየቀቻቸው።

"እማማ፣ ምን ያሰኝዎታል?"

አሮጊቷ ልጃቸውን በፍርሃት ሰረቅ አድርገው አዩ። "ሰገነቱ ላይ ወጥቼ ሰው ማየት" አሉ።

"ውይ እማዬ! ቆይ፣ ወንበሩን ላምጣልሽ፤ ቆይ፣ ልያዝሽ፤ ጫማሽን…" ራውያ ወዲያና ወዲህ ተራወጠች።

ኢብቲሳም ክንዷን ያዘቻት። ክንዷ ከድካም የተነሳ ይንቀጠቀጣል፤ ያንን መንቀጥቀጥ ታውቀዋለች።

"ራውያ" አለች፣ "አንቺ ተቀመጪ። እዚህ፣ አጠገቤ።"

ራውያ ተቀመጠች። ከዚያ አሮጊቷ ብርድ ልብሱን ገፋ አደረጉና፣ አንዱን እግራቸውን፣ ቀጥሎም ሌላውን፣ ወደ ወለሉ አወረዱ።